ቂጦ ፉርዲሳ፣ ጅማ፦ ተከራይ ዕድር ይግባ ወይስ ይቅር?

የቂጦ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ያላችሁም፣ ከጅማ የወጣችሁም፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

የሰፈራችን ዕድር ለእሁድ ስብሰባ ጠርቷል። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው። ተከራይ አባል ይሁን ወይስ አይሁን? ደንባችን «በሰፈሩ ውስጥ የራሱ ቤት ያለው» ይላል። ደንቡ ሲጻፍ ቂጦ ፉርዲሳ የከተማ ዳር ነበር። በቆሎ ይዘራበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ማን ሊከራይ ይመጣል? የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ እዚህ ከሆነ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ደረደረ። አሁን በእኛ መስመር ተከራዩ ከባለቤቱ ይበዛል።

የጎረቤቴን ግቢ ልንገራችሁ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ካርድ ቆጣሪ፣ አንድ ሽንት ቤት። በር ላይ ያለው ክፍል ውስጥ ከዳውሮ የመጣች ቡና ለቃሚ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ቀጥሎ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ከወለጋ ሸሽተው የመጡ ባልና ሚስት። ጥጉ ላይ ደግሞ ከጅዳ የተመለሰች የሰቃ ልጅ፤ መንገድ ዳር ፀጉር ቤት ከፍታለች። የመብራት ካርድ ሲያልቅ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ተዉት። ማን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሚጋግር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያምንም።

በቅርቡ የወለጋው ሰውዬ አባታቸው እዚያው አገር ቤት ማረፋቸው ተሰማ። አከራያቸው ድንኳን ሊጠይቁላቸው ሄዱ። «አባል አይደሉም» ተባሉ። ጥሩምባ አልተነፋም። ሰው ያችን ጠባብ ክፍል እየተፈራረቀ ገብቶ ወጣ፤ የቀረው ደጅ ዝናብ ላይ ቆመ። አጀንዳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ይግቡ ባይ ነኝ። የሚቃወሙትም ግን ዝም ብለው አይደለም። በእናንተ ሰፈር ምን ይደረጋል?

አባ ቡና

ልጄ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም። ዕድር ንብረት ነው። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም ከሰማይ አልወረደም። በየወሩ እያዋጣን የገዛነው ነው። ተማሪው ትምህርት ሲዘጋ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። መምህሩ ዝውውር ሲደርሰው ይሄዳል። ቡና ለቃሚዋም ወቅቱ ሲያልፍ ትሄዳለች። ነገ ከሚሄድ ሰው ጋር ምን ዓይነት ዕድር ይጠጣል?

ደግሞ እንግዳ እንጠላለን እንዳትሉኝ። ይህ ከተማ በእንግዳ የቆመ ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ላይ ሐሙስ ገበያ ሲቆም ከጎንደርና ከጎጃም ሲራራ ነጋዴ ይጎርፍ ነበር። ሐረሪው፣ አረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩም መጣ። አባ ጅፋር ለምኒልክ ሳይዋጉ ገብረው አገራቸውን ከጥፋት አተረፉ። ገበያው ሰላም ሆነ። ነጋዴ ደግሞ ሰላም ያለበት ይሄዳል። ጣሊያን መጥቶ ፈረንጅ አራዳን ሠራ፣ በ1933 ተሸንፎ ወጣ፣ ቤቶቹ ቀሩ። የእኔም አያት በቅሎ እየጎተቱ ከጎጃም የመጡ ናቸው። ግን መሬት ያዙ፣ የጅማ ልጅ አገቡ፣ ቡና ተከሉ። ቀሩ! ልዩነቱ እሱ ነው።

ታርጫ

አባ ቡና፣ አንቱን አክብሬ ልናገር።

ያ የሐሙስ ገበያ ቡናና ማር ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከዳውሮ፣ ከኮንታ፣ ከከፋ እየተነዳ የመጣ ሰው። ስለዚህ «ከተማው በእንግዳ የቆመ ነው» ሲባል የእኛ ሰው ጆሮ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል። ባርነትን ጨርሶ የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም ነው። ሩቅ አይደለም። እኛ ጋ አንዳንድ ሽማግሌ ስለ አያቱ ስትጠይቀው ወሬ ይለውጣል። ያም «ቀርቷል» እኮ፤ ማንም መሬት አልሰጠውም እንጂ።

ከዚያ በኋላ የመጣነው በእግራችን ነው። ጎጀብን ተሻግረን፣ ቡና ሲደርስ ለመልቀም። ቡናው ሲያልቅ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ኩሎ በር አካባቢ ክፍል ተከራይቶ ሸክም ገባ፣ ሽመና ገባ። ሴቶቹ መጋዘን ገቡ። እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚያ ነው። ሰፌድ ይዘሽ መሬት ላይ ትቀመጫለሽ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ትለቅሚያለሽ። ክፍያው በኪሎ ነው። ማታ ስትመጣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ የቡና አቧራ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አይለቅም ነበር። ይህችን ሴት ነው «ወቅቱ ሲያልፍ ትሄዳለች» የምትሉኝ። ጅማ አርጅታ ጅማ ተቀበረች፤ ቤት ግን አልነበራትም።

ማን ቀበራት? የአገር ልጅ ዕድር። የዳውሮ ተወላጆች ዕድር ከተማው ውስጥ አለ፤ አባሉ ከየሰፈሩ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ ከሌላኛው ጫፍ በባጃጅ ይመጣሉ። ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ግን ዳቦ ይዛ መጥታ እንደ እንግዳ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ የእኛ ዕድርተኛ አይደለችማ። ዋናው ነጥቤ ይህ ነው። የሰፈሩን በር ስትዘጉት ሰው ወደ ወገኑ ይሄዳል። ዳውሮው ወደ ዳውሮ፣ ከፋው ወደ ከፋ፣ ጉራጌው ወደ ጉራጌ። ከዚያ ዞራችሁ «እነሱ ከሰው አይቀላቀሉም» ትሉናላችሁ።

የአረብ ቤት ልጅ

የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው፤ ልቤ ግን መርካቶ ነው፣ የጅማው መርካቶ።

አያቴ ከየመን መጥተው ሱቅ ከፈቱ። ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ክብሪት። ሰው «አረብ ቤት ሂድ» ብሎ ነው ልጁን የሚልከው። አያቴ አማርኛም ኦሮምኛም በአረብኛ ቅላፄ ይናገሩ ነበር አሉ፤ የዱቤ ደብተራቸውን ግን በአረብኛ ብቻ ስለሚጽፉ ማንም ሊከራከራቸው አይችልም። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ያከራዩት የነበረው ቤት ተወረሰ። ንግዱም ጠበበ። አጎቶቼ ሰንዓ ገቡ። እዚያ ደግሞ «ሐበሻ» ተባሉ። በ2007 ዓ.ም የየመን ጦርነት ሲብስ አንደኛው ልጆቹን ይዞ ተመለሰ። አሁን ጅማ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ አባቱ ሱቅ በነበራቸው ከተማ።

አባ ቡና፣ «ቤት ያለው የቀረ ነው፣ ተከራይ ነገ ሂያጅ ነው» ላሉት፣ የእኛ ቤተሰብ ባለቤት ሆኖ ሄዷል፤ ተከራይ ሆኖ ተመልሷል። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያለውስ? አርባ ዓመት ሙሉ ተከራይ ነው። እሱን ከዕድር አስወጥታችሁት ታውቃላችሁ?

አባ ቡና

የቀበሌ ቤቱን ጥሩ አነሳህ። እሱ ላይ መልስ የለኝም፤ እኔም ወንድሜም የቀበሌ ቤት ነው ያለን።

ታርጫ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ያልሽው እውነት ነው። አባቴም ያወራው ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ግን የድስቱ ጥያቄ አልተመለሰም።

ጸሐፊው

የድስቱን እኔ ልመልስ። መንደራ ቆጪ አካባቢ ያለ ዕድር ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ይህን ጉዳይ ተጣልተንበት፣ ተኳርፈንበት፣ በመጨረሻ ጨርሰነዋል።

መጀመሪያ መግቢያ ክፍያ ለምን እንደሚከፈል አስቡ። አዲሱ ሰው መግቢያ የሚከፍለው እናንተ ቀድማችሁ ከገዛችሁት ንብረት ድርሻ እንዲኖረው ነው። እኛ ጋ መግቢያው እያደገ ሄዶ ተከራይ ሊደፍረው የማይችል ሆነ። ስለዚህ ሁለቱን ነገር ለየነው። ድርሻ የሚፈልግ ሙሉ መግቢያውን ይከፍላል። ድርሻ የማይፈልግ ወርሃዊውን ብቻ ይከፍላል፤ ሲለቅ «ከዕቃው ድርሻዬን» አይልም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰሃን፣ ቀባሪ ግን እኩል ያገኛል። የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ዛሬ ተመዝግቦ ነገ ገንዘብ አይወስድም። ለቅሶ የመድረስ ግዴታውና የቀረበት ቅጣትም እንደ ሁላችን ነው።

ሁለተኛ፣ የሩቅ ለቅሶ። ይህ ነው ብዙ ሰው ያላሰበው። የባለቤቱ እናት እዚሁ ስለሚሞቱ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ያድራል። የተከራዩ እናት ግን የሚሞቱት ታርጫ ነው፣ ቦንጋ ነው፣ ነቀምት ነው። እሱ ሌሊቱን አውቶቡስ ተራ ሄዶ ይወጣል። ከዕድሩ የሚያገኘው የመጓጓዣ ያህል ብር ነው፣ ሲመለስ ደግሞ አንድ ቀን የምንቀመጥለት። ስለዚህ እኩል እየከፈለ ከእኛ ያነሰ ይጠቀማል። ተከራይ ዕድሩን ይበላል የሚባለው ተገላቢጦሽ ነው። መዝገቡን ገልጣችሁ እዩት።

ሦስተኛ፣ እስላምና ክርስቲያን። እኛ ተቀላቅለን ነው ያለነው። የእስላም ቀብር ያው ቀኑን ነው፤ ጥሩምባ ነፊው ቶሎ መውጣት አለበት፣ ማታ ይደርሳል ማለት የለም። ድስቶቹን ለሁለት ከፍለን ቂጣቸው ላይ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ምልክት አድርገንባቸዋል። ሥጋ ከሆነ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዓመት ዓመት ሥጋው እየቀረ ነው። ሽሮና ምስር ወጥ ካለ ሁሉም ከአንድ ሰሃን ይበላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ቀለሙ በእጥበት ለቆ ማን የማን እንደሆነ የጠፋባቸው ድስቶችም አሉ። በእነሱ ሽሮ ብቻ ይሠራባቸዋል።

ተከራይዋ

ይቅርታ፣ ስለ እኛ ስታወሩ እኛን የጠየቀ የለም። 😄

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው የምሠራው፣ ልጅነቴ ደሴ ነው። ቂጦ ፉርዲሳ ነው የምኖረው። እውነቱን ለመናገር የሰፈር ዕድር መግባት አልፈልግም። የመሥሪያ ቤት ዕድር አለኝ፣ ከደመወዜ ይቆረጣል። እሁድ ጠዋት ስብሰባ ተቀምጬ የጠፋ ሰሃን ሲቆጠር መስማት አልችልም። ግማሹ በኦሮምኛ ነው፤ እሰማለሁ ግን ቶሎ ቶሎ ሲሉ ያመልጠኛል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። ሁለቱም ቀድሞም ከየአገሩ ሰው ይጠሩ ነበር። ልዩነቱ ቁጥሩ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 88,867 ነበር፤ በ1999ኙ 120,960 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እንዴት እንደሰፋ ዓይናችሁ እያየ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሂርማታ አልገባም። ዳር ዳሩን ነው የሞላው። ስለዚህ የጅማን መቀላቀል ማየት የሚፈልግ መርካቶ መሄድ የለበትም፤ ምሽት ላይ ቂጦ ቧንቧ ጋ ጀሪካን ይዞ ይሰለፍ።

ኡሙ ሰልማ

ተከራይዋ፣ የእኔ እህት፣ አንቺ ደመወዝ አለሽ። ለሌለውስ?

እኔ ሳዑዲ ቆይቼ በ2006ቱ ማባረር ጊዜ ከተመለሱት ነኝ። ከጅማ ዞን ያልወጣች ሴት የለችም ቢባል ማጋነን አይደለም። ከሰቃ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ፣ ከአጋሮ። ስንልክ የነበረው ብር ገጠር አልቀረም። ወንድም፣ አባት፣ ባል ጅማ ዳር ላይ ቦታ ገዛበት፣ ሰርቪስ ቤት ሠራበት። እነዚያ የምታወሩባቸው ክፍሎች ግማሾቹ በሪያድና በጅዳ ማድ ቤት የተሠሩ ናቸው። ላኪዋ ግን ስትመለስ ቤቱ በወንድሟ ስም ነው። እሷ ተከራይ ናት! የክሩ ከፋች ያነሳት ፀጉር ቤት የከፈተችው ልጅም እንዲህ ሳትሆን አትቀርም። እኔ እንደዚያው ነበርኩ።

ስለዚህ «ቤት ያለው» የሚለው ደንብ ማንን እንደሚያስቀር ተመልከቱ። ሴቶችን ነው። ባሌ አባል ነው፣ ሲሞት እኔ እወጣለሁ? የሴቶች ዕድር አለ ትሉኛላችሁ። አዎ አለ፤ እንጀራውን የሚጋግረው እሱ ነው፣ ደንቡን የሚያወጣው የወንዶቹ ነው።

አፋር ያለ ጅሜ

የመንደራ ቆጪው ሽሮ ናፈቀኝ። ጨረስኩ።

ማንነቴ

[ይህ መልስ በአወያዩ ተነስቷል።]

አወያይ

ብሔር እየጠሩ «ይውጡልን» ማለት እዚህ ክር ላይ አይቻልም። ሁለተኛ ከተደገመ ክሩ ይዘጋል። በዕድሩ ጉዳይ ቀጥሉ።

የነዳ ልጅ

ጥሩ አደረግህ አወያይ። ግን ሁሉም ሽሮ ተካፍሎ በላ ብለን አንለፈው። በ2003 ዓ.ም አሰንዳቦ አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሰው በሺዎች ተፈናቀለ። እኛ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ አደረ፤ እኛ ሙስሊም ነን። አባቴ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ያደሩት የዕድራችን ሰዎች ነበሩ። የዕድር ሰው ያልሆኑት የት እንዳደሩ አላውቅም።

ይህን የማነሳው ለክርክር አይደለም። የዕድር መዝገብ ላይ ስም መኖሩ ለቅሶ ቀን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው ለማለት ነው። የሚያውቅህ ሰው ይኖራል።

አባ ቡና

አባትህን ዕድሜ ይስጣቸው።

ጸሐፊው፣ ያ የድርሻና የወርሃዊ አከፋፈላችሁ ጥሩ ነው። ለእኛ ሽማግሌዎችም አቀርበዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ተከራዩ ዕቃ ወስዶ ቢጠፋስ? ዋስ ይጥራ። ዋሱ አከራዩ ይሁን።

የቂጦ ልጅ

እሁድ ተሰበሰብን። ረዘመ። የጸሐፊውን ሐሳብ እኔ አቀረብኩ፤ የሩቅ ለቅሶው ነገር ሲነሳ ቤቱ ጸጥ አለ። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ገልጠው ለሩቅ ለቅሶ የተከፈለውንና እዚህ ለተተከለ ድንኳን የወጣውን አነበቡ። አይገናኝም። ከዚያ ወዲያ «ይበሉናል» የሚለው ክርክር ቆመ።

ተወሰነ። ተከራይ ያለ መግቢያ፣ ያለ ንብረት ድርሻ ይገባል። ወርሃዊው እኩል ነው። ከተመዘገበ ስድስት ወር ሳይሞላው ገንዘብ አይወስድም፤ ድንኳንና ወንበር ግን ከመጀመሪያው ቀን ይሰጠዋል። «ባለቤት» የሚለው ቃል ወጥቶ «ነዋሪ» ተባለ። የኡሙ ሰልማን ነጥብ አንዲት እናት አንስተው አባልነት በባል ስም ብቻ መሆኑ ይቅር አሉ። እሱ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። (ወንዶቹ በአንድ ድምፅ «ጊዜ የለም» አሉ። ከዚያ ቡና ተፈልቶ እስከ ምሳ ተቀመጡ።)

የዋሱ ነገር ግን ተጣላን። አከራዮቹ ዋስ አንሆንም አሉ። ኪራይ ሲቀበሉ ውል እንኳ የማይጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ፊርማ ሲባል ግብር ይመጣብናል ብለው ፈሩ። አንዱ «ቤቴን አከራየሁ እንጂ ሰውየውን አልወለድኩትም» አለ።

የወለጋዎቹ ባልና ሚስት በዚያው ቀን ተመዘገቡ። ቡና ለቃሚዋም መጥታ ነበር። የአገሯ ልጆች ዕድር ላይ ስለምትከፍል ሁለቱን መቻሏን አስባ ልትነግረን ነው። ተማሪዎቹን ጠየቅናቸው፣ «ዕድር ምንድን ነው የሚሰጠው?» ብለው ሳቁ።

ታርጫ

ለቃሚዋ ሁለቱንም አትችልም። ከጥር በኋላ መጋዘን ሥራ ይሳሳል። ወርሃዊውን በየወሩ ከምታስከፍሏት ቡና በሚገባበት ወቅት የዓመቱን ባንዴ ብትቀበሏት ትችላለች። የእኛዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው የሚሰበስቡት።

ጸሐፊው

የታርጫ ሐሳብ ይሠራል። ደረሰኝ ላይ የተከፈለበትን ወር ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ትጨቃጨቃላችሁ።

ለዋሱ አከራይን ተዉት። ሁለት ነባር አባላት ይፈርሙ፣ አንዱ ከዚያው ግቢ አጠገብ የሚኖር ይሁን። እኛ እንዲህ ካደረግን ወዲህ ይዞ የጠፋ የለም። አንድ ሰው ብቻ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት አልመለሰም፤ እሱም ባለቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም።

የቂጦ ልጅ፣ ማሻሻያውን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፈርማችሁ ቀበሌ ወስዳችሁ ማኅተም አስመቱ። ካልሆነ አንድ የከፋው ሰው ተነስቶ በድሮው ደንብ ይከሳችኋል።

የቂጦ ልጅ

ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ቀበሌ ሰኞ እሄዳለሁ። አባ ቡና፣ ሁለተኛው ፈራሚ እርስዎ ይሆናሉ? ለወለጋዎቹ አንድ ሰው ጎድሏል።

አባ ቡና

ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። መዝገቡን ይዘህ ና። ሰውየውም አብሮህ ይምጣ፤ ሳላየው አልፈርምም።